ውሃ የሞላው የድንጋይ ካባ መዝናኛ ሐይቅ የሚሆነው መቼ ነው?

ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ሰው ሰጠመ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ክርክሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ይታጠር፤ ካልሆነም ይደፈን» ይላል። ሌላው «ስንት ቦታ እንዲህ ያለው ጉድጓድ ቤተሰብ የሚዋኝበት፣ ጀልባ የሚቀዘፍበት ሐይቅ ሆኖ የለም ወይ? ይሄኛውስ ምን ጎደለው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚያዩት ውሃውን ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ግን ከውሃው ሥርና ከዳሩ ያለው መሬት ነው። ያንን መሬት እንደልብ ማስተካከል የሚቻለው ፓምፑ ከመቆሙ በፊት፣ ጉድጓዱ ደረቅ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላም መፍትሔ አይጠፋም፤ ዋጋው ግን ይንራል፣ ውጤቱም ከፊል ይሆናል።

ጉድጓዱ ለምን ይሞላል?

ካባ ወደ ታች እየጠለቀ ሲሄድ ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ይገባል። የከርሰ ምድር ውሃ ወለል የሚባለው በአለትና በአፈር ውስጥ ያሉት ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ሁሉ በውሃ የተሞሉበት የላይኛው ከፍታ ነው። ከዚህ በታች በሚሠራ ካባ ወለሉ ላይ ዝቅ ያለ የውሃ ማቆሪያ ይቆፈራል፤ ፓምፖች ሌትና ቀን ከዚያ እየሳቡ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ ይለቃሉ። ድንጋዩ ሲያልቅ ወይም ገበያው ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃውም ወደ ቀድሞ ከፍታው መመለስ ይጀምራል።

ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በግርድፉ ማስላት ይቻላል። ስፋቱ 10 ሄክታር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 2 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። በቀን 1,000 ሜትር ኪዩብ ቢገባበት 2,000 ቀን፣ ማለትም አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል። በተግባር ከዚህ ይረዝማል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር በጉድጓዱና በዙሪያው ባለው የከርሰ ምድር ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ይጠባል፤ የሚገባው ውሃም እየቀነሰ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ከሁሉም የሚዘገዩት ለዚህ ነው።

አንዳንድ ቦታ ይህን መጠበቅ ስለማይፈለግ የወንዝ ውሃ ተጠልፎ ይገባል። በምሥራቅ ጀርመን የሊግናይት (ቡናማ የድንጋይ ከሰል) ጉድጓዶች ላይ የተሠራው ይህ ነው። ጋይዘልታል የተባለው ሰፊ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 ድረስ የዛለ ወንዝ ውሃ ሲገባበት ቆይቷል። ጥቅሙ ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም። የከርሰ ምድር ውሃ ከዙሪያው እየሰረገ ሲገባ ተዳፋቱን ወደ ጉድጓዱ ይገፋዋል። የሐይቁ ውሃ ቀድሞ ከፍ ካለ ግን ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሆን ተዳፋቱን ደግፎ ይይዘዋል።

ከተፈጥሮ ሐይቅ የሚለየው ምንድን ነው?

አብዛኛው የተፈጥሮ ሐይቅ ዳሩ ቀስ እያለ ይጠልቃል። ካባ የተቆረጠው ግን ድንጋይ እንዲወጣበት ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ በእርከን የተከፋፈለ ነው። አንዱ እርከን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ሲሞላ እርከኖቹ አይጠፉም። እንግሊዝ አገር ሌስተርሸር ውስጥ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1958 ድንጋይ ማውጣት ያቆመው ስቶኒ ኮቭ የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ለመሆን የበቃው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። የቀድሞዎቹ እርከኖች ዛሬ ለጀማሪ፣ ለመካከለኛና ለልምድ ያለው ጠላቂ የሚሆኑ የጥልቀት ደረጃዎች ሆነዋል። ለዋናተኛ ግን ያው እርከን ወጥመድ ነው። ከዳር አንድ እርምጃ ወርዶ ጉልበቱ ድረስ የቆመ ሰው ሁለተኛውን እርምጃ ሲራመድ እግሩ የሚያርፍበት ያጣል። መውጣቱም እንዲሁ ያስቸግራል። ከውሃው መስመር በላይ ያለው አለት ቀጥ ያለ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ በአልጌ ይሟልጫል። መዋኘት የሚችል ሰው የሚሰጥመው ብዙ ጊዜ መውጫ ሲያጣ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ሙቀቱ ነው። ካባ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ፣ ግድግዳውም ነፋስ ስለሚከልል፣ ውሃው እንደልብ አይደባለቅም። በሞቃታማ ወራት ፀሐይ ላይኛውን ጥቂት ሜትር ታሞቃለች፤ የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይቀራል። ሁለቱ የሚገናኙበት፣ ሙቀቱ በጥቂት ርቀት ውስጥ በአንዴ የሚወርድበት ንብርብር ቴርሞክላይን ይባላል። ቀዝቃዛ ክረምት ባለበት አገር ላይኛው ውሃ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ከ10 ሜትር በታች ከ10 ዲግሪ በታች መሆኑ ያልተለመደ አይደለም። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ስለሆነ፣ ጥልቁ ወለል ዓመቱን ሙሉ ለዚያ ቅርብ ሊሆን ይችላል።

ከገደል መዝለል እነዚህን ሁለት አደጋዎች ያገናኛቸዋል። ከ10 ሜትር ከፍታ የዘለለ ሰው ውሃውን የሚመታው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ከ20 ሜትር ከሆነ 70 ይደርሳል። ይህ ፍጥነት ሞቃቱን ንብርብር አሳልፎ ወደ ቀዝቃዛው ሊያስገባው ይችላል። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰው ሳያስበው ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱም ይጨምራል። የቀዝቃዛ ውሃ ድንጋጤ የሚባለው ይህ ነው፤ የሚከፋውም በመጀመሪያዎቹ አንድ እስከ ሦስት ደቂቃዎች ነው። ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሳለ ከተሳበ የዋና ችሎታ ብዙም አይረዳም። ብዙ ካባ ከነቁርጥራጭ ብረቱ፣ ከነገመዱና ከነዛፉ መዘንጋቱ ሲጨመርበት «ውሃው ጥልቅ ስለሆነ መዝለል አያሠጋም» የሚለው አባባል ምን ያህል እንደሚያሳስት ግልጽ ነው።

ሰማያዊ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም

ካባዎችን በፎቶ ተወዳጅ ያደረጋቸው ቀለማቸው ነው። ንጥረ ምግብ በሌለበት ውሃ አልጌ አይበዛም፤ ከኖራ ድንጋይ የሚመጡ ደቃቅ ብናኞች ደግሞ ብርሃን ስለሚበትኑ ውሃው ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ይመስላል። ቀለሙ ስለ ውሃው ኬሚካላዊ ባሕርይ የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው።

እንግሊዝ አገር በክስተን አጠገብ ያለው የሃርፐር ሂል ካባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰዎች «ሰማያዊው ሐይቅ» እያሉ ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዱበት ነበር። የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) ከ11 በላይ፣ ለአሞንያ የቀረበ ነበር፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጥፋቱ የኖራ ድንጋዩ አይደለም፤ እሱ ብቻውን ፒኤቹን ወደ 8 ቢያደርስ ነው። ችግሩን ያመጣው ኖራ ሲቃጠል የቀረው ተረፈ ምርት ነው፤ ውሃ ሲነካው ወደ ካልሺየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ውሃው አደገኛ እንደሆነ፣ የሞቱ እንስሳትና አሮጌ መኪናዎች ጭምር እንዳሉበት የሚያስጠነቅቁ ሰሌዳዎች ቢተከሉም ሰው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ውሃው በቀለም ጥቁር እንዲሆን ተደረገ፤ በ2020 በኮሮና እገዳ ወቅትም ተደገመ። ሰሌዳ ያላስቆመውን ሰው ያስቆመው የቀለሙ መበላሸት ነው፤ አስተዳዳሪዎች ስለ ሰው ባሕርይ ሊያስቡበት የሚገባ ነጥብ ይመስላል።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ፓይራይት የተባለው የብረትና የሰልፈር ማዕድን ያለበት አለት ለአየር ሲጋለጥ ይበላል፤ ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ያወጣል፣ ብረትና አሉሚኒየም ያሟሟል። የከሰልና የብረታ ብረት ማዕድን ጉድጓዶች ፒኤች ወደ 3 የሚወርደው በዚህ ነው። የከፋው ምሳሌ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ያለው የበርክሊ የመዳብ ጉድጓድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በውሃው ላይ ያረፉ ከ300 በላይ የበረዶ ዝይዎች ሞተውበታል። ቀለል ባለ ደረጃ ያለው አሲድ ከጀልባ ላይ የተፈጨ ኖራ በመርጨት ይስተካከላል፤ አሲዱ ከዙሪያው መሬት መሰረጉን እስካላቆመ ድረስ ግን ሥራው በየጊዜው ይደገማል።

ኬሚስትሪው ደህና ሆኖ ሲገኝ ጥያቄው ወደ ጀርም ይዞራል። የአውሮፓ ኅብረት የመታጠቢያ ውሃ መመሪያ ለሐይቅና ለወንዝ «እጅግ ጥሩ» የሚለውን ደረጃ የሚሰጠው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ ከ500፣ የአንጀት ኢንትሮኮከስ ደግሞ ከ200 ካልበለጠ ነው (ሁለቱም ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች ናቸው)። ስሌቱ በአንድ ናሙና ላይ ሳይሆን በተከታታይ ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ካባ ደግሞ መግቢያም መውጫም ወንዝ ስለሌለው የገባበት ነገር በቀላሉ አይወጣም። ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያ፣ የዝይ ኩስ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ሁሉ ፎስፈረስ ይጨምራሉ፤ ፎስፈረሱ ከወለሉ ደለል ጋር ይቀመጣል። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ተመልሶ ይለቀቅና ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ (ሳያኖባክቴሪያ) ይመግባል። ይህ ሲያብብ መርዝ ስለሚያመነጭ ሐይቁ በሞቃቱ ወቅት መሃል፣ ሰው በሚፈልገው ሰዓት ይዘጋል። ዳሩ ላይ የሚተከል ሸምበቆና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከማንኛውም ኬሚካል ይልቅ ርካሽ መከላከያ ናቸው።

ደረቅ ሳለ የሚሠራው ሥራ

ዲዛይኑ የሚነሳው ከአንድ ቁጥር ነው፤ ውሃው በመጨረሻ የት ይቆማል? ይህን ለማወቅ በካባው ዙሪያ የመለኪያ ጉድጓዶች ተቆፍረው የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ቢያንስ በዝናብና በድርቅ ወቅት ይመዘገባል። ግምቱ በአንድ ሜትር ቢሳሳት የሚመጣው ጉዳት ከሚመስለው ይበልጣል። ተዳፋቱ 1 ለ10 ከሆነ፣ ማለትም በ10 ሜትር አግድም ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ የአንድ ሜትር ለውጥ የውሃውን ዳር 10 ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ወይ ባሕር ዳርቻው ይሰጥማል፣ ወይ ዋናተኛው ጭቃ አቋርጦ ነው ውሃ የሚያገኘው። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት በድንጋይ ወይም በኮንክሪት የተሠራ መፍሰሻ ካለ ቢያንስ የላይኛው ወሰን ይታወቃል።

ከዚያ የአፈር ሥራው ይመጣል። ለዋና የተመረጠው ዳር 1 ለ10 ወይም ከዚያ የለዘበ ተዳፋት ይሰጠዋል። ተዳፋቱ ከከፍተኛው የውሃ መስመር በላይ ተጀምሮ ዝቅተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አያቆምም፤ ከዚያም በታች ሁለት ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ብዙ ፕሮጀክት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚታየውን ዳር አስተካክሎ ከውሃው በታች የድሮውን እርከን እንዳለ ይተዋል፤ ድርቅ ሲመጣና ውሃው ሲሸሽ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከገደሉ አፋፍ ይሆናል። አሸዋ ሲደለደል ከሥሩ ጠጠር ወይም ጂኦቴክስታይል (ውሃ የሚያሳልፍ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) ይነጠፋል። በሸክላ አፈር ላይ በቀጥታ የፈሰሰ አሸዋ ግን ብዙም ሳይቆይ ከጭቃው ጋር ይለወሳል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አፈር ካባው ሲከፈት የተገፈፈው የላይኛው አፈር ነው። ካልተሸጠ ወይም ካልተበተነ ከዳሩ ተከምሮ ይገኛል፤ በኤክስካቫተርና በዶዘር ለማስተካከል ወራት ይበቃል። ውሃ ከሞላ በኋላ ያንኑ ሥራ በጀልባ ላይ በተጫነ ማሽን፣ ወለሉን ሳያዩ መሥራት ይጠይቃል።

ለዋና ያልተመረጠው ግድግዳ ሌላ ዓይነት እንክብካቤ ይሻል። የላላው ድንጋይ ይራገፋል፤ ካስፈለገም ላይኛው እርከን በፈንጂ ፈርሶ ቁልቁል የተንሸራተተ የድንጋይ ክምር ይደረጋል፤ አጥሩ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ይተከልና ፊቱ እሾኻማ ቁጥቋጦ ይሞላል። በየተወሰነ ርቀት መሰላል ወይም የተጠረበ መውጫ ይዘጋጃል። የነዳጅ ታንክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የማሽን ስብርባሪ ይለቀማል፤ የመዋኛው ክልልም በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት ይከለላል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን በልቅ የተደፋ አሸዋ ነው። የተቆረጠ አለት ውሃ ቢሞላውም በአብዛኛው ይቆማል። በማሽን የተደፋ ልቅ አሸዋ ግን በውሃ ሲጠግብ በትንሽ ንዝረት ወይም በግፊት ለውጥ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ሊንሸራተት ይችላል። በምሥራቅ ጀርመን ጉድጓዶች ይህን ለመከላከል ጥልቅ የንዝረት ማጥበቂያና ፈንጂ ጭምር ይጠቀማሉ። የከርሰ ምድር ውሃ ግፊትም ችላ አይባልም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2009 በናክተርሽቴት መንደር፣ በመሞላት ላይ ያለ የቀድሞ የከሰል ጉድጓድ ዳር ተንሸራቶ ቤቶችን ይዞ ወረደ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ዋነኛ መንስኤ ያለው በጥልቁ ንብርብር ውስጥ የነበረውን ከፍተኛ የውሃ ግፊት ነው። ለመዝናኛ የታሰበው ሐይቅ ለዓመታት ተዘግቶ ቆየ።

ቀድሞ የታሰበበት፣ ዘግይቶ የተጠገነ፣ የተደፈነ

ዜንፍተንበርግ ቀድሞ የታሰበበት ነው። በምሥራቅ ጀርመን የሚገኘው ይህ የሊግናይት ጉድጓድ ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ካለቀ በኋላ ከ1967 እስከ 1972 በጥቁር ኤልስተር ወንዝ ውሃ ተሞላ። ዳሩ ተስተካክሎ፣ ዛፍ ተተክሎ በ1973 ለሕዝብ ተከፈተ፤ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። በኋላ በአካባቢው ለተሠሩት ሐይቆች እንደ አብነት የሚጠቀሰው እሱ ነው።

በፖላንድ ክራኮው ከተማ የሚገኘው የዛክሹቬክ የኖራ ድንጋይ ካባ ታሪኩ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓምፑ ቆሞ ውሃ ሲሞላው ዳሩን ያስተካከለ አልነበረም። ሰው ለዓመታት ተከልክሎም ይዋኝበት፣ ከገደሉ ይዘል ነበር። ከተማው በ2023 በሕጋዊ መንገድ ሲከፍተው ገደሉን ለማለዘብ አልሞከረም፤ ውሃው ላይ ወለል ያላቸው ተንሳፋፊ የዋና ገንዳዎች አስቀመጠ። ዋናተኛው ያው ሐይቅ ውስጥ ነው፤ እግሩ ግን የታወቀ ጥልቀት ላይ ያርፋል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። የገንዳ ስፋት ግን እንደ ባሕር ዳርቻ ሰፊ ስላልሆነ የሚያስተናግደው ሰው ውስን ነው፤ ተንሳፋፊው አካልም የማያቋርጥ ጥገና ይፈልጋል።

የአሜሪካዋ ኩዊንሲ ከተማ ግራናይት ካባዎች ሦስተኛውን መንገድ ሄደዋል። የመጨረሻው ካባ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተዘጋ በኋላ ውሃ የሞላቸው ገደሎች ለአሥርተ ዓመታት የወጣቶች መዝለያና የሞት ቦታ ሆኑ። ቦስተን ከተማ ሥር ያለው ግዙፍ የመንገድ ዋሻ ሲቆፈር የወጣው አፈር ዋናውን ካባ ለመድፈን ዋለ፤ ዛሬ ቦታው የአለት መውጫ ስፖርት መናፈሻ ነው።

መድፈን፣ ማጠር ወይስ መክፈት?

የመድፈን ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ የተደፈነ ጉድጓድ ማንንም አያሰጥምም። ችግሩ መጠኑ ነው። ከላይ ያየነውን 2 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በ16 ሜትር ኪዩብ ገልባጭ መኪና ለመድፈን 125,000 ምልልስ ያስፈልጋል፤ በቀን 100 ምልልስ ቢሠራ እንኳ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። ኩዊንሲ የተሳካላት አፈሩን የሚጥልበት ያጣ ፕሮጀክት በአጠገቧ ስለነበረ ነው። ከዚህም በላይ ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ የሚደፋው ነገር ምንነቱ ካልተመረመረ በዙሪያው ያሉ የውሃ ጉድጓዶችን ይበክላል።

ማጠር ርካሽ ነው፤ ግን አጥር ይቆረጣል። ካጠሩ በኋላ ተመላልሶ የሚጠግን ከሌለ አደጋው በነበረበት ይቀጥላል። በሌላ በኩል፣ መክፈትን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት ነጥብ በቀላሉ አይጣልም። የተከፈተ ሐይቅ ሰው ይስባል፤ የነፍስ አድን ሠራተኛ ደግሞ የሚገኘው በወቅቱና በሰዓቱ ብቻ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ቦታውን የለመደ ሰው ያለ ጠባቂ ይገባል። ይህ ስጋት የሚቀንሰው ከሰሌዳ ይልቅ በዳሩ አሠራር ነው። ጠባቂው ቢሄድም የለዘበው ተዳፋት፣ መሰላሉና የተራገፈው ግድግዳ በቦታቸው ይቆያሉ። ዳሩን ማስተካከል ባልተቻለበት ካባ ዋናን ፈቅዶ በጠባቂ ብቻ መተማመን አያዋጣም፤ የእግር መንገድ፣ ዓሣ ማጥመጃና መመልከቻ አድርጎ ውሃውን መዝጋቱ ይሻላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው የራሱ ክርክር አለው። በብዙ አገሮች የማዕድን ፈቃድ ሲሰጥ ባለፈቃዱ ቦታውን መልሶ ለማልማት የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል፤ ሥራው ተሠርቶ ሲረጋገጥ ይለቀቅለታል። ኩባንያዎች ውሃው ሲሞላና ዳሩ ሲለመልም ይለቀቅ ይላሉ፤ ገንዘባቸው ያለ ሥራ ታስሮ መቆየቱም እውነተኛ ወጪ ነው። ቦታውን የሚረከቡ ማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ የተዳፋቱ ባሕርይ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው ባይ ናቸው። ለእነሱ የሚመሰክርላቸው አብነት የተባለው ዜንፍተንበርግ ራሱ ነው። በተከፈተ በ45ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018፣ ከማዕድኑ በተረፈ አፈር የተሠራችው የሐይቁ ደሴት ዳር ተንሸራተተ። የሐይቁ ውሃ ዝቅ እንዲል ሲደረግ ጀልባዎች መጓዝ አቆሙ፤ ደሴቷን ለማጠንከርም አዲስ ሥራ መጀመር ግድ ሆነ። የዋስትናው ገንዘብ በሁለት ተከፍሎ፣ ከፊሉ ዳሩ ሲስተካከል፣ ቀሪው ውሃው የመጨረሻ ከፍታው ላይ ደርሶ ለተወሰኑ ዓመታት ከተለካ በኋላ ቢለቀቅ ሁለቱንም ወገን ሊያስማማ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የክትትል ወጪ ግን ሐይቁን በእጁ የያዘው አካል በየዓመቱ በጀቱ ውስጥ ሊያስገባው ግድ ነው።